«መውጫውን ያወቀ ሰው» ብለው ለሰቀሉኝ ለክቡር ዶክተር መምዱሕ

ለክቡር ዶክተር መምዱሕ፣
የ«ብልሆች ቤት» የአክሲዮን ማሰልጠኛ መሥራችና የበላይ ኃላፊ፣
ኡነይዛ

የአላህ ሰላም፣ እዝነቱና በረከቱ በእርስዎ ላይ ይሁን። ጤናዎ እንዴት ነው? የልጆችዎ፣ የአዲሱ ሕንፃዎ፣ በሕንፃው በር ላይ ያስተከሏቸው የተምር ዛፎች ጤናስ እንዴት ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ በሰላት ከሱጁድ ስግደት ስነሣ ከምትጮኸው ጉልበቴ በቀር የሚከሰኝ የለም።

ይህን ደብዳቤ በቢሮዎ በኩል ያልላክኩት ንቄዎት አይደለም። ፎቶግራፌን የሰቀሉት በአደባባይ ሰሌዳ ላይ ስለሆነ መልሴም በአደባባይ ቢሆን ይመጣጠናል ብዬ ነው። በባንኩ የአክሲዮን አዳራሽ በር ላይ የምለጥፈውም ስለዚሁ ነው።

በምስጋና መጀመር ሲገባኝ በጥፋቴ ስለምጀምር ይቅር ይበሉኝ። ባለቤቴ ሀያ ከሞተች ወዲህ ለማንም ያልተናገርኩት ነገር አለኝ፦ እርስዎ በሰው ፊት «የአክሲዮን አዋቂ» ሲሉኝ፣ አንዳች እንደማላውቅ እያወቅኩ ዝም አልኩ። ዝም ማለት ብቻ ቢሆን ምንኛ በቀለለ፤ ደስ አለኝ። ሻይ የሚያቀርብልኝ ሰው በጠፋበት ቤት ስቀመጥ ከርሜ፣ በመስጊድ በር ላይ ወጣቶች «አቡ ጃሲር፣ ምን እንግዛ?» እያሉ ሲከቡኝ ሰው የሆንኩ መሰለኝ። (ልጅ የለኝም፤ ጃሲር አባቴ ነው፤ አላህ ልጅ ያልሰጠውን ሰው እኛ አገር በአባቱ ስም «አቡ»፣ ማለት «የእገሌ አባት»፣ ብለን እናከብረዋለን።) ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ የምናደደው በእርስዎ ብቻ አይደለም፤ ከንዴቱ ድርሻዬን አስቀድሜ ወስጃለሁ፤ የተረፈው የእርስዎ ነው።

እርስዎ ነገርን ሁሉ በቁጥር ስለሚወዱ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ግመሊቱ አመሰግናለሁ። በአዳራሻችን ተቀምጦ የሚያውቅ ሁሉ እንደሚመሰክረው፣ እኛ ኩባንያን በስሙ አንጠራም። የወደዱትን ነገር በስሙ እየጠሩ መቀመጥ ለሰው ዓይን ይዳርጋል። ስለዚህ አንዷ «አሮጊቷ» ናት፣ አንዷ «ሙሽራዋ» ናት፣ አንዷ ደግሞ «የደላላው ምራት» ናት። «ግመሊቱ» የምንላት የጭነት ማመላለሻዋን ኩባንያ ነበር፤ ቀስ ብላ ትሄዳለች፣ ጥማት ትችላለች፣ አትወድቅም። ሀያ የጥሎሿን ወርቅ ሸጣ «ሳጥን ውስጥ ከሚያንቀላፋ አንድ ነገር ግዛልኝ» ባለችኝ ጊዜ፣ አላህ የሚሻለውን እንዲመርጥልኝ ኢስቲኻራ ሰገድኩ፤ ልቤም ወደ ግመሊቱ አዘነበለ። በማግስቱ ወደ መስኮቱ ሄጄ፣ ከጅዳ በቅርቡ ተዛውሮ የመጣውን ጸሐፊ ሩሽዲን «ልጄ፣ በሙሉ ገንዘቡ ግመሊቱን» አልኩት። «የትኛዋን ግመል፣ አጎቴ?» አላለኝም። «በረካ ያድርግልህ» ብሎ ገዛልኝ።

በጅዳ አዳራሽ ግን «ግመሊቱ» ሌላ ናት። ሰው ሁሉ የረሳት የቀለም ፋብሪካ ናት፤ በቆርቆሮዋ ላይ ግመል ስለተሣለ እንዲያ ይሏታል። እኔ ወረቀቱን አስተውዬ ያነበብኩት ሳምንታት ካለፉ በኋላ ነው። ላሳርመው ስሄድ ዋጋዋ ከፍ ብሎ አገኘሁት፤ አፍሬ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲያ ወጣች፣ አሁንም ወጣች። ለምን እንደወጣች ያን ጊዜ አላውቅም፤ ዛሬም አላውቅም፤ ክብርዎን ሳልነካ ልናገርና፣ እርስዎም አያውቁም። ሀያ ግን ምክንያት አልፈለገችም። «የኔ ሰውዬ ግመል ፈልጎ ቀለም ገዛ!» እያለች ስትስቅ ጎረቤት ይሰማት ነበር። እርስዎ ይህንኑ በመጽሔትዎ ላይ «የተረሱ ዕንቁዎችን የማየት ጥልቅ ትንታኔ» ብለው ስላስዋቡልን፣ እኔም ሩሽዲም እጅ እንነሣለን።

ሁለተኛ፤ ስለ መውጫው አመሰግናለሁ። እዚህ ላይ ትንሽ ይታገሡኝ።

ሀያ ታመመች። ብዙም አልቆየች፤ አላህ ይማራት። ወራሾቿ እናቷ፣ ወንድሟና እኔ ነበርን። የሟች ንብረት ሳይከፈል መዘግየቱ ደግ አይደለም ብለው ኢማማችን ስለመከሩን፣ የሐዘን ወንበሮቹ ከግቢያችን እንደተነሡ ሄደን በስሟ የነበረውን አክሲዮን ሁሉ ሸጥንና ተካፈልን። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ገበያው ወደቀ። እርስዎም ያስታውሳሉ፤ በአዳራሹ ስክሪኑ ከዳር እዳር ቀይ ሆኖ፣ ያ ሁሉ ወንድ የያዘውን ሻይ ሳይጠጣ እጁ ላይ የቀዘቀዘበትን ጠዋት። ከዚያ በኋላ ነው ክቡርነትዎ «ገበያው ጣሪያ ላይ ሳለ ሁሉን ሸጦ የወጣ የኡነይዛ ሰው አለ» የሚል ወሬ ሰምተው፣ የዑድ ሽቶ ተቀብተው፣ ካባ ይዘው ቤቴ የመጡት።

«ዘዴህ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ሲሳይ ነው» አልኩ። ሌላ ቃል አልነበረኝም።

በሰሌዳው ላይ ሲወጣ «ብልሃት ነው» ሆኖ አየሁት። ከላዩ የእኔ ፊት፣ ከሥሩ በትልልቁ «መውጫውን ያወቀ ሰው»። ዶክተር፣ እኔ ያን ቀን መውጫም መግቢያም አላውቅም ነበር፤ የጫማዬን ግራና ቀኝ አቀያይሬ ነው ባንክ የሄድኩት። በዚያ ሽያጭ የወጣው ሰው እኔ አይደለሁም፤ ሀያ ናት። የሚስቴን ሞት «ትምህርት ሰባት፦ የመሸጫ ጊዜን ማወቅ» ብለው ስላስተማሩበት፣ ይህን ያህል ጥቅም ከቀብር ማውጣት የሚችል ሌላ ሰው በአውራጃችን በቀሲም ምድር እንደሌለ እመሰክርልዎታለሁ።

ሦስተኛ፤ ስለ ትምህርትዎ አመሰግናለሁ። እኔ የተማርኩት አንደኛ ደረጃ ድረስ ስለሆነ ረቂቅ ነገር አይገባኝም፤ በክብር እንግድነት ተቀምጬ የገባኝን ግን ልመልስልዎ። ያተረፈ ሰው ብልህ ነው። የከሰረ ሰው ትምህርቱን ያልጨረሰ ነው። ስለዚህ ያተረፈው ምስክርዎ ይሆናል፤ የከሰረውም ተመልሶ ደንበኛዎ ይሆናል። ሱብሓነላህ! ዝናብ ቢጥልም ቢጠፋም የማይደርቅ እርሻ አገኙ። እኛ ወፍ ዘራሾች ነን፤ እርስዎ ግን በጎርፉም በድርቁም ያጭዳሉ።

በዚያ ዘመን በአዳራሹ ያልገዛ ወንድ አልነበረም። አንዱ በሕልሙ ያየውን፣ አንዱ የአማቹ ልጅ የነገረውን፣ አንዱም ስሟ የእናቱን ስም ስለመሰለው ገዛ። ሰፈር ሙሉ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ሰማይ ድንጋይ ቢወረውር፣ ከድንጋዮቹ አንዱ ወፍ መምታቱ አይቀርም። እርስዎ ወፍ የተመታለትን ሰው ጠርተው አደን እንዲያስተምር ወንበር ሰጡት፤ ድንጋዩ ተመልሶ አናቱ ላይ የወደቀበትን ደግሞ «አወራወርህ ላይ ችግር አለ፣ ተመዝገብ» አሉት። በገበያ ውስጥ እውቀት የለም ማለቴ አይደለም። ፋብሪካውን አይቶ፣ ሒሳቡን መርምሮ፣ ታግሦ የሚገዛ ሰው አለ፤ አንድ ሁለቱን አውቃለሁ። እነሱ ግን «ምናልባት» የምትለዋን ቃል አይጠሏትም፤ «ኢንሻአላህ» ሲሉም ከልባቸው ነው። በእርስዎ ቤት ግድግዳው ሁሉ ተጽፎበት ሳለ «ምናልባት» የሚል አንድ ቦታ አላየሁም። ደግሞም፣ ካሰቡት አይቀር፣ ውሃ ያለበትን ጉድጓድ ያገኘ ሰው በሩን ዘግቶ ይጠጣል እንጂ ስለ ውሃ አፈላለግ ትኬት ይሸጣል ወይ?

አራተኛ፤ ስለ ዱኸይል። እዚህ ላይ ማመስገን አቅቶኛል፤ ሞክሬ ነበር።

ዱኸይል የሀያ ወንድም ነው፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳል። ከአባቱ የወረሳትን የተምር እርሻ ሸጦ፣ ከሀያ ውርስ ከደረሰው ጋር ደርቦ ገበያ ገባ። የገባው የሀያን አክሲዮን በሸጥንበት ሰሞን ነው። እኔን ብልህ፣ እሱን ሞኝ ያደረገው ምን እንደነበር ልንገርዎት? እኔ ሐዘን ላይ ነበርኩና ገበያ የሚያይ ዓይን አልነበረኝም። እሱ ደግሞ ሐዘኑን ሊረሳ ገበያ ሄደ። ልዩነታችን ይኸው ነው። እርሻውን ያ ቀይ ሳምንት በላበት። ከዚያ እርስዎ መጡና «ያልተማርክ ስለሆነ ነው» አሉት፤ እሱም አመነዎት፤ ለምን አያምንዎትም፣ በግድግዳዎ ላይ የእህቱን ባል ሰቅለው! አሁን የቀረው የእናቱ የኡም ዱኸይል ቤት ብቻ ነው። እናቱ ቤቱን እንዲሸጥ ውክልና ሰጡት፤ እሱም ለ«ላቀ ብልሃት» ሥልጠናዎ ሁለተኛ ዙር ስሙን አስመዘገበ።

ይህን የሰማሁ ዕለት ነው በሆቴሉ አዳራሽ፣ በምረቃ በዓልዎ ላይ፣ ድምጽ ማጉያውን የለመንኩዎት። ሁሉን ተናገርኩ፦ ግመሊቱን፣ ሩሽዲን፣ ቀለሙን፣ ሽያጩን። «አንዳች አላውቅም፤ በእኔ ተማምናችሁ ቤት አትሽጡ» አልኩ። እርስዎ ማጉያውን ከእጄ በለስላሳው ተቀብለው፣ ትከሻዬን አቅፈው፣ «ወንድሞቼ! ታላላቆች እንዲህ ናቸው! ያወቀ ሰው አላወቅኩም ይላል! ይህ ትሕትና ራሱ ከትምህርቶቻችን አንዱ ነው!» አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ዱኸይል ከፊተኛው ረድፍ ተነሥቶ ነበር የሚያጨበጭበው፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪናውን የሚነዳው ዱኸይል ነበር። «አቡ ጃሲር» አለኝ፣ «ከእነሱስ ደብቅ። ከእኔም?»

«ወላሂ አልደበቅኩህም።»

«ግመል ተሳስቼ ነው ትለኛለህ? ግንባሬ ላይ ሕፃን የሚል ተጽፏል?»

«ሩሽዲን ጠይቀው።»

«ሩሽዲ! ያንን ጅዳዊ! እሱንማ አስተምረኸዋል።» መሪውን በመዳፉ መታው። «ስማ፣ እርሻው ሲሄድ አንድ ቃል አልተናገርኩህም። ዕድሌ ነው አልኩ፣ አለማወቄ ነው አልኩ። አሁን ግን የእናቴን ጣሪያ ይዤ ልገባ ነው። ዘዴውን ከያዝክብኝ አላህ ይጠይቅሃል!»

እንግዲህ እንዲህ ሆነልኝ፤ እየዋሸሁ ሳለሁ እውነተኛ ነበርኩ፣ እውነቱን ስናገር ስስታም ሆንኩ። የጨው ተራራ ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይላሉ፤ እርስዎ ደግሞ ጨዉን በከረጢት እያሰሩ የሚሸጡ ሦስተኛ ሰው ሆነው ተገኙ።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ፣ ከዐስር ሰላት ወዲያ፣ ወደ ኡም ዱኸይል ሄድኩ። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ማንበብ ድሮም አልተማሩም፤ ግቢ ውስጥ ሬዲዮናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ነው የሚውሉት። «እናቴ፣ ቤቱን ለምን ይሸጣሉ?» አልኳቸው።

«አንተን ብዬ ነዋ» አሉኝ። «ዱኸይልንማ አውቀዋለሁ፤ በጉን ሸጦ ገመዱን ይዞልኝ የሚመጣ ልጅ ነው። ግን ያንተን ሥዕል በየመንገዱ ሰቅለውታል ሲሉኝ፣ አማቼ የከበረ ሰው ሆነ አልኩ። አማቼ ባለበት ልጄ አይጠፋም አልኩ።»

ስለ ግመሊቱ ነገርኳቸው። ሳቁብኝ። «እሱንማ ሀያ ነግራኛለች! ስትነግረኝ በሳቅ ትንፋሿ ቁርጥ ይል ነበር። እሱ የአላህ ሲሳይ ነው፤ ምን ያሳፍራል? ከዚያ ወዲህ ተምረህ ይሆናል ብዬ ነው እንጂ።»

«አልተማርኩም።»

«ታዲያ ከሥዕልህ ሥር ምን ብለው ጻፉ?»

«መውጫውን ያወቀ ሰው።»

«ከየት መውጫ?»

«ከገበያው። ሁሉን ስለሸጥንበት ቀን ነው የሚሉት።»

ሬዲዮውን ዘጉት። «ያን ቀን የሸጥነው እኮ ልጄን ቀብረን ነው» አሉ።

«አዎ።»

«እና አንተ ይህን እያነበብክ በሥሩ ታልፍ ነበር?»

ዶክተር፣ በአዳራሽዎ ያ ሁሉ ሰው ሰምቶኝ ማንም ያልጠየቀኝን ጥያቄ ነው የጠየቁኝ። በየቀኑ ከንጋቱ የፈጅር ሰላት ስመለስ በሰሌዳው ሥር አልፍ ነበር፤ አንዳንድ ቀን ቀና ብዬ አየሁት፤ አንድ ቀን እንዲያውም ፎቶግራፉ አማረብኝ ብዬ አሰብኩ። ይህን ለአላህ ነግሬዋለሁ፤ አሁን ለእርስዎም ነገርኩ። ኡም ዱኸይል «ነገ ጠዋት መኪናህን ይዘህ ና፤ ፍርድ ቤት ትወስደኛለህ» አሉኝ።

እንግዲህ ክቡር ዶክተር፣ ብዙ አልለምንዎትም። ሰሌዳውን ማውረድ ወጪ እንዳለው እረዳለሁ፤ ጽሑፉን ብቻ ያርሙልኝ። ፊቴ ባለበት ይቆይ፤ ከሥሩ «ሚስቱ የሞተችበት ሰው» ብለው ያስጽፉ። ከዚያ ማንም ፈቅዶ ይህን ብልሃት መማር የሚፈልግ ካለ ይመዝግቡት።

በክብርዎ ጥላ ሥር አንገቱን ደፍቶ ሲመላለስ የኖረ፣ ሳያውቅ የተሸለመ፣ ሳይማር ያስተማረ፣ የሰጡትን ካባ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አጥቦና አጥፎ የመለሰ፣ ለጤናዎም ከልቡ የሚጸልይ (ገና ብዙ የሚጠየቁት ስላለ ዕድሜ ያስፈልግዎታልና)፣

ስዌሊም ቢን ጃሲር፣
የሀያ ባል

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ጨርሼ ሳልለጥፈው አንድ ቀን አደረ፤ በዚያ ቀን የሆነውን ልጨምርልዎ፣ መጽሔትዎ ሳያስውበው። ኡም ዱኸይል በፍርድ ቤት ለልጃቸው የሰጡትን ውክልና አነሡ። ቤቱንም በሕይወት እስካሉ ሊኖሩበት፣ ከእሳቸው በኋላም መጠጊያ ላጡ ሴቶች እንዲሆን፣ ለአላህ ወቅፍ አደረጉት፤ ወቅፍ የሆነ ነገር አይሸጥም፣ አይሰጥም፣ አይወረስም። ዱኸይል ወሬው ደርሶት እየሮጠ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ «እናቴስ እናቴ ናት፤ አንተ ግን ልበልጽግ ስል በሩን ዘጋህብኝ» አለኝና ሄደ። ትናንት በምሽቱ የመግሪብ ሰላት ከጎኔ አልቆመም፤ ነገም የሚቆም አይመስለኝም። ከዚያ በፊት በፍርድ ቤቱ፣ ዳኛው ምስክርነቴን ሲቀበሉ «ይህ ሁሉ በአንድ ጠዋት የሚደረግበትን ምክንያት ታውቃለህ?» ብለው ጠየቁኝ። «አውቃለሁ፤ ምክንያቱ እኔ ነኝ» ብዬ ግመሊቱንም ዝምታዬንም በመሐላ ተናገርኩ። ከዚያ ዳኛው ብዕራቸውን አንሥተው «የቤቱ ግምት ስንት ተብሎ ይጻፍ?» አሉ። ኡም ዱኸይል «ግምት የለውም ብለው ይጻፉ» አሉ። እንዳሉት ተጻፈ፤ እኔም ከሥሩ ፈረምኩ።